አውራ አምባን በአንድ ሰዓት?
ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን የሚያውቃት ቡና ጠጥቶ እስኪነሣ ድረስ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከከተማዋ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዙ፣ ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባ አለ፤ ሴት የምታርስበት፣ ወንድ እንጀራ የሚጋግርበት፣ አቅም ያጡ አረጋውያን በጋራ የሚጦሩበት መንደር። ጎብኚው ይመጣል፣ አስጎብኚውን ተከትሎ ይዞራል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ይነሣል። እኔ ማደር አለበት ባይ ነኝ። የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ የመንደር ኑሮ ደግሞ በገለጻ አይታይም። መወርወሪያው በድሩ መሃል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ ሸማኔዋ የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቶቿ አፍተልትላ ስትቀጥል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ከዚያም የሠራችውን ጋቢ ሳይከራከሩ መግዛት ይሻላል። ዝነኛውን መንደር ብቻ አይቶ መመለስም አካባቢውን፣ ፎገራን፣ መበደል ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ፣ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ጎብኚ ዞር ብሎ ያላያቸው ስንት መንደሮች አሉ! ሩዝና ጤፍ የተቀየጠበትን እንጀራ አቅርበው «ብሉልን» ለማለት የማንንም የቱሪዝም ጥናት አይጠብቁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የከፋው ግጭት እንግዳውን አርቆታል፤ ሰላም ሲወርድ ግን የጉዞ መርሐ ግብር የምታወጡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለወረታና ለአካባቢዋ ቢያንስ አንድ ሌሊት መድቡላት።