ጭምብል መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፦ የሥራ ቦታ የጤና ጠንቆችን የመለየትና የመቆጣጠር ተግባር

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በጄኔቫ የተካሄደው 110ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ፣ ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎችና መብቶች አንዱ እንዲሆን ወስኗል። በውሳኔው መሠረት የሠራተኛው ጤና እንደ መደራጀት መብትና እንደ ግዳጅ ሥራ ክልከላ ሁሉ አባል ሀገራት በሙሉ ሊያከብሩት የሚገባ ጉዳይ ሆኗል። ለኢትዮጵያ ይህ መርህ አዲስ አይደለም። ሀገሪቱ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42ም ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መብቱ የሚፈጸምበትን ዝርዝር ግዴታ አስቀምጧል።

ይሁን እንጂ በብዙ የሥራ ቦታዎች የጤንነት ጥበቃ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ጭምብልና ጓንት ማደል ነው። ዕቃው ከታደለና በመዝገብ ከተፈረመበት ግዴታው እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በአየሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደሚነሳ ሳይታወቅ የሚሰጥ ጭምብል ግን በቂ መከላከያ ሊሆን አይችልም። የኢንዱስትሪ ሃይጅን ቴክኒሻን ሥራ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚታይ አደጋና የማይታይ ጠንቅ

በማሽን የተቆረጠ ጣት ወይም ከመወጣጫ የመውደቅ አደጋ ወዲያውኑ ይታያል፤ ይመዘገባል፤ ሕክምናም ይፈለግለታል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ድንጋይ በሚፈጭበት፣ በሚጠረብበትና በሚቆረጥበት ሥራ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ የሚያስከትለው የሳንባ ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ የሚገለጽ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በሕክምና አይመለስም። ለሳንባ እጅግ አደገኛ የሆነው ደቃቅ ብናኝ ደግሞ በዓይን የማይለይ በመሆኑ፣ አየሩ ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻ ለደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

የጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ጥጥ ሲባዘትና ሲፈተል የሚነሳው ብናኝ ቢሲኖሲስ የተባለውን የመተንፈሻ አካላት በሽታ ያስከትላል። በመጀመሪያው ደረጃ ሠራተኛው ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ወደ ሥራ ሲመለስ ደረቱን ይጨብጠዋል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። በተከታዮቹ ቀናት ምልክቱ ቀለል ስለሚል ብዙዎች «ብርድ መትቶኝ ነው» በማለት ዝንጅብል አፍልተው ጠጥተው ያልፉታል። ለብናኙ መጋለጡ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ምልክቱ በየቀኑ የሚሰማ ይሆናል፤ የሳንባ ጉዳቱም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ሰኞን እየጠበቀ የሚመጣ ሳል ከሥራው ጋር ሊያያዝ እንደሚችል የሚጠይቅ ሰው በወቅቱ ቢኖር ኖሮ ብዙ ጉዳት በተቀነሰ ነበር።

መለየት፣ መለካት፣ መቆጣጠር

የኢንዱስትሪ ሃይጅን ቴክኒሻን ተግባር የሚጀምረው ጠንቁን አስቀድሞ በመገመትና በመለየት ነው። ባለሙያው የሥራውን ሂደት ከጥሬ ዕቃ መግቢያ እስከ ምርት መውጫ ይከታተላል፤ በጥቅም ላይ ያሉ ኬሚካሎችን መግለጫ ይመረምራል፤ ሠራተኞችንም የሚሰማቸውን ይጠይቃል። ጫጫታ፣ ሙቀት፣ ብናኝ፣ የኬሚካል ትነት፣ ተሕዋስያንና ምቹ ያልሆነ የሥራ አኳኋን ሁሉም በዚህ ፍተሻ ውስጥ ይካተታሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። ብናኝ በሚለካበት ጊዜ አነስተኛ የአየር መሳቢያ መሣሪያ በሠራተኛው ወገብ ላይ ይታሰርና ማጣሪያው ከአንገቱ አጠገብ፣ ማለትም አየር በሚስብበት አካባቢ ይደረጋል። ማጣሪያው ከሥራው በፊትና በኋላ ተመዝኖ ሠራተኛው በፈረቃው የተጋለጠበት መጠን ይሰላል። ለጫጫታም ተመሳሳይ መለኪያ በትከሻ ላይ ይደረጋል። በስፋት በሚሠራበት ምክረ ሐሳብ መሠረት ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው የጫጫታ መጠን 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል ውስጥ ያለ መከላከያ መሥራት የሚቻለው ለ4 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ የሚያስፈልግ ከሆነ ጫጫታው አስጊ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይገባል።

ሦስተኛው ተግባር ቁጥጥር ሲሆን፣ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ጠንቁን ጨርሶ ማስወገድ፣ ካልተቻለ አነስተኛ ጉዳት ባለው መተካት፣ ቀጥሎ ማሽኑን መክደንና ብናኙን ከመነሻው በሚስብ የአየር ማስወጫ መቆጣጠር፣ ከዚያም የሥራ ሰዓትንና አሠራርን ማስተካከል ይመጣል። ጭምብል የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ጭምብል ጠንቁን ከቦታው አያስወግድም። ፊት ላይ በትክክል ካልገጠመ፣ ማጣሪያው በጊዜው ካልተቀየረ ወይም በሙቀት ምክንያት ከተወለቀ ጥበቃው ይቀራል። ተራ የጨርቅ መሸፈኛ ደግሞ ደቃቅ ብናኝን አያስቀርም። በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ወለልን በአየር ግፊት ወይም በመጥረጊያ ከማጽዳት ይልቅ በሚስብ መሣሪያ ማጽዳት ብቻውን ብናኙን መልሶ ከመበተን ያድናል።

የዚህ አካሄድ ውጤት በተግባር ታይቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ደረጃ በፈትል ማምረቻ ክፍሎች የጥጥ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ200 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወሰነች። ፋብሪካዎቹ ማሽኖቻቸውን በማደስና የአየር ማስወጫቸውን በማሻሻል ብናኙን ሲቀንሱ በሽታውም በእጅጉ ቀንሷል።

ልኬትና ምዝገባ ከመብት ጋር ያላቸው ግንኙነት

የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞችን ስለ ጠንቆች እንዲያሳውቅ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ እንዲሁም በሥራ ላይ የደረሱ አደጋዎችንና በሽታዎችን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አደገኛ ሥራ ለሚሠሩ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ የሚደረገው የጤና ምርመራ ወጪም የአሠሪው ነው።

እነዚህ ድንጋጌዎች ሳይፈጸሙ ሲቀሩ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው። አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት የሚቆጥር በመሆኑ፣ የሕክምና ወጪም ሆነ የጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሽታው ከሥራው ጋር ሲያያዝ ነው። የብናኝ ልኬት ያልተደረገበት፣ ሲቀጠር የሳንባ ምርመራ ያልተመዘገበለት ሠራተኛ ከ15 ዓመት በኋላ ሲታመም ይህን ግንኙነት ማስረዳት እጅግ ይከብደዋል። ስለዚህ የቴክኒሻኑ መዝገብ በሽታን ከመከላከል ባሻገር የመብት ማስረጃ ነው።

ሠራተኞች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች

ሠራተኛው በራሱ ሊያስወግደው የማይችለውን ጠንቅ ሲያይ ማሳወቅ በአንቀጽ 93 የተጣለበት ግዴታ ነው። በመሆኑም፦

• ጠንቁ የታየበትን ቦታ፣ ቀንና የተሰማውን የጤና ምልክት በጽሑፍ ማስፈር፤ ለኃላፊው፣ ለደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ ማቅረብና ቅጂውን መያዝ፤

• ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንንና ምልክቱ የሚብስበትን ቀን ለሐኪሙ መንገርና የሕክምና ሰነዶችን መጠበቅ፤

• በሥራ ቦታው መፍትሔ ካልተገኘ ለሚመለከተው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር የሠራተኛ ጉዳይ አካል ማመልከት ይገባል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታ የመግባትና ናሙና ወስደው የማስመርመር ሥልጣን አላቸው።

ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ያሰናብታል የሚል ፍርሃት ብዙዎችን ዝም ያሰኛል። የአዋጁ አንቀጽ 26 ግን ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ደንግጓል።

ለአሠሪዎችም ቢሆን በየጊዜው ጭምብል ገዝቶ ከማደል ይልቅ ብናኙን ከመነሻው መቆጣጠር በዘላቂነት ያዋጣል፤ ልምድ ያካበተ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲለይ የሚባክነው ሙያ በቀላሉ አይተካምና። ጭምብል ከመታደሉ በፊት በየሥራ ቦታው ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ «አየሩ ተለክቷል ወይ?» የሚል ነው።