የሥራ ጫናና ልብን የመሰብሰብ ልምምድ፤ ጥቅሙና ወሰኑ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኙት ቁስቋምና ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በብዛት ከሚሠሩባቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች መካከል ናቸው። በዓላት ሲቃረቡ የሀገር ባህል ልብስ ትእዛዝ ስለሚበዛ ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። እንዲህ ያለው ጫና በቢሮና በፋብሪካም የሚታይ በመሆኑ፣ «ማይንድፉልነስ» በሚል ስም የሚታወቀው ልብን የመሰብሰብ ልምምድ ለሠራተኞች መፍትሔ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

ልምምዱ ትኩረትን በትንፋሽ ላይ አሳርፎ፣ ሐሳብ ሲባዝን ራስን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን የጀመሩት ሥልጠና ለዛሬው የሥራ ቦታ ሥልጠና መነሻ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ልምምዱ ጭንቀትን ለመቀነስ ሊረዳ እንደሚችል አመልክቷል። ሆኖም ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን ገልጾ፣ እንደ ሥራ ብዛትና ረጅም የሥራ ሰዓት ያሉ መንስኤዎችም እንዲስተካከሉ አሳስቧል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዊሊያም ፍሌሚንግ በብሪታንያ በ233 ድርጅቶች የሚሠሩ የ46,336 ሠራተኞችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ባሉ ሥልጠናዎች የተሳተፉት ካልተሳተፉት የተሻለ ደህንነት አልታየባቸውም። ጥናቱ ሠራተኞቹን በጊዜ ሂደት ያልተከታተለ በመሆኑ የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም፣ ሥልጠና ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያመለክታል።

ልምምዱ ጭንቀትን ለመቋቋም ቢያግዝም የሥራ ሰዓትን አያሳጥርም። ሰዓቱን የሚገድበው ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሠራተኛው በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል።

በአሠሪ መሪነት በደመወዝ የሚሠራ ሸማኔ በዚህ አዋጅ ይጠበቃል። በራሱ ኃላፊነት ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራው ግን የሰዓት ገደቡ አይመለከተውም፤ ስለዚህ የማስረከቢያ ቀንን ከደንበኛው ጋር አስቀድሞ በአግባቡ መወሰን ዋነኛ መከላከያው ነው።

ስለሆነም አሠሪዎች ሥልጠና ከማዘጋጀታቸው በፊት የሥራ ሰዓትና የዕረፍት አጠቃቀማቸውን ሊፈትሹ ይገባል። ሠራተኞች መብታቸው ሲጣስ የሠሩበትን ቀንና ሰዓት መዝግበው በክፍለ ከተማቸው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ፣ ጭንቀቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ደግሞ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል።