ውድድር የሌለበት ወራት ለስፖርተኛ ልጅ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ትምህርትና ስለ ምግባር ነው። ዛሬ ስለ ሰውነት ጒልበት እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ባለፈው ሰኔ በወለቃ በዘመዳችን ቤት ያየነው ነገር ነው።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለች፥ በቤተ እስራኤሎች የሸክላ ሥራ ስሟ የታወቀ መንደር ናት። የዘመዳችን ልጅ ሩጫን፣ ክብደት ማንሳትን፣ ዝላይንና ገመድ መውጣትን አጣምሮ ለሚፈትነው ለአዲሱ ስፖርት ራሱን የሰጠ ነው። ይህም ስፖርት በ1999 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በክሮስፊት ስም ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ የመጀመሪያው ማጣሪያም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ይደረጋል። ልጁን በግንቦት ከተደረገ ውድድር ተመልሶ፥ ቀኝ ትከሻውን እያመመው እንቅልፍ አጥቶ አገኘነው። አባቱ ግን በማግሥቱ ጧት በዝናብ ቀስቅሶ ዳገት እንዲሮጥ ሰደደው።

«ወንድሜ፥ ልጁ እኮ ታሟል» ብንለው፥ «አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ መች ዐረፈ?» ሲል መለሰልን።

ይህ ክርክር በብዙ ቤት የሚሰማ ስለ ሆነ መልሱን መስጠት ተገቢ መስሎ ታየን። እርግጥ ነው፤ አበበ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶኑን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ፥ ከዚያም በሣሩ ላይ ዥምናስቲክ ሲሠራ ዓለም አይቶታል። ዳሩ ግን ያን ቀን የሮጠበት ጒልበት በነዚያ ጥቂት ሳምንታት የተገኘ አልነበረም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከማሸነፉ አስቀድሞ ጀምሮ በክቡር ዘበኛ ሳለ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋራ በዓመታት ያከማቸው ስንቅ ነው። የታመመ ልጅን በዝናብ ማስሮጥ ግን ስንቅ መያዝ ሳይሆን የተያዘውን መጨረስ ነው።

ስለዚህ ለልጁ የወራቱን ሥራ በወረቀት ጻፍንለት። ሰኔ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የዕረፍት ነው። እኛ በምንሠራበት በፍርድ ቤት እንኳ ክረምት ሲገባ ችሎት ይዘጋል፤ ሆኖም አስቸኳዩን ነገር የሚያይ ተረኛ ችሎት አይጠፋም። የስፖርተኛም ዕረፍት እንዲሁ ነው። የጡንቻ ኃይል ቶሎ አይጠፋም፤ ትንፋሽ ግን ፈጽሞ ቦዝነው ሲቀመጡ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳልና፥ ልጁ ያለ ሰዓት ቆጠራ በእግሩ ይሂድ። ትከሻውንም ሐኪም ሳያይለት ከራሱ በላይ ምንም አያንሣ።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ወራት የመሠረት ጊዜ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። የክሮቶኑ ሚሎ የሚባለው የጥንት ግሪክ ታጋይ አንዲት ጥጃ በሬ እስክትሆን ድረስ በየቀኑ ይሸከም ነበር እየተባለ ይተረካል። (ጥጃዪቱ ወንድ እንደ ሆነች ልብ ይሏል።) ተረቱ የሚያስተምረው ክብደቱ በጥቂት በጥቂቱ ሊጨመር እንደሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ጡንቻው ቻልሁ ሲል ጅማቱ ገና ያልደረሰ ይሆናል፤ የልጁም ትከሻ የታመመው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናውን ሳይደርቅ ወደ እሳት ቢከቱት እንደሚፈነዳ ያውቃሉ፤ ለመድረቁም ቀን ይሰጡታል።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሥራው እየተጨመረ በአራተኛው ይቀልላል። የሚቀልለው ሳምንት ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ቢውል መልካም ነው። ከባዱ ክብደት በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ሩጫውም ከባልንጀራ ጋራ እየተነጋገሩ የሚሮጡት ዝግ ያለ ይሁን። ይልቁንም ልጁ የሚወደውን ትቶ የሚያንሰውን ይለማመድ። ይህ ልጅ ክብደት ይወዳል፥ ገመድ ግን አይሆንለትም፤ ስለዚህ ትከሻው ሲድን ገመዱ ይጠብቀዋል።

ከጥቅምት በኋላ ልዩ ልዩው ሥራ ይቀላቀላል፤ ከጥር ጀምሮ ውድድሩን የሚመስለው ይመጣል፤ በመጨረሻው ዐሥር ቀን ደግሞ ሥራው ይቀነሳል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ እናቶች ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከማዕድ እንዳይጠፋ ያስቡ፤ ከባዱም ሥራ ለመብል ሰዓት የቀረበ ይሁን።

በሐምሌ አጋማሽ ተመልሰን ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ አባቱ ከቦታ ሰነዶቹ ጋራ በሣጥን ቆልፎበት ኖሯል። ልጁ ግን አስቀድሞ ገልብጦት ነበር፤ ከሐኪም መጥቶም ተኝቶ አገኘነው።