ባሕር በችኮላ አይገዛም

በየሰዉ ስልክ ላይ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። መጀመሪያ ባዶ ሳሎን ይታያል። ቀጥሎ አራት ሰዎች ግድግዳ የሚያክል መስታወት ተሸክመው ይገባሉ። ድንጋይ ይደረደራል፣ ውሃ ይሞላል፣ ሰማያዊ መብራት ይበራል። ከዚያ ቢጫ ዓሣ ሽው ሲል፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ኮራል ሲወዛወዝ ይታያል። አለቀ፤ አንድ ደቂቃ። ከሥሩ የሚደረደረው አስተያየትም ያው ነው፦ «ዋጋው ስንት ነው?»

ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት «ስንት ወር ፈጀ?» ነው። ቀጥሎ ደግሞ «እነዚህ እንስሳት ከየት መጡ?»

የቤት ውስጥ የኮራል ገንዳን የሚገድለው የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ችኮላ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው እንዲያውም ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ጊዜው ያልደረሰን ነገር መግዛት ይችላልና። ክፋቱ ደግሞ የችኮላውን ዕዳ የሚከፍለው ቸኳዩ አለመሆኑ ነው። ዕዳውን የሚከፍሉት መሸሻ የሌላቸው ፍጥረታትና በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ባሕር ናቸው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል። ብዙ ሰው ደግሞ ተክል ነው ይለዋል። እውነቱ ግን እንስሳ መሆኑ ነው። እያንዳንዷ «ቅርንጫፍ» አፍና ጥቃቅን እጆች ባሏቸው ብዙ ትናንሽ እንስሳት የተሸፈነች ናት። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራና ለአስተናጋጁ ያካፍላል። አስተናጋጁ በበኩሉ ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየለቀመ የድንጋይ አፅሙን ይገነባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃው ሳይሞቅ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሳይጨው፣ ሳይቀጥን ሲቆይ ነው። ባሕር ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይለዋወጥም። የሳሎን ገንዳ ግን ትልቅ የተባለውም ቢሆን ከባሕር ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው።

እስቲ «ትልቅ» የተባለውን በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 980 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ አንድ ቶን ያህል ነው። መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ መቆሚያውና ከሥር የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ ሲደመሩ ወደ አንድ ቶን ተኩል ይጠጋል። ይህ ማለት አንድ ኮሮላ መኪና ሳሎን ውስጥ አስገብቶ ለዓመታት ማቆም ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ባብዛኛው የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ለሚሆን ጭነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባለሙያ ዓሣ ሻጩ ሳይሆን መሐንዲሱ መሆን አለበት። ቸኳዩ ግን መሐንዲሱን የሚያስታውሰው ወለሉ ሲሰነጠቅ ነው።

ቀጥሎ ውሃው አለ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ከአሮጌ ቱቦ የሚመጣ መዳብም ሊኖረው ይችላል። መዳብ ለሰው ብዙም በማያሰጋ መጠን እንኳ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል። ስለዚህ ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይገባል፤ የወጥ ጨው አይሆንም። ለ980 ሊትር ከ34 ኪሎ በላይ ጨው ማለት ነው። ያም የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ የተወሰነው ውሃ በየጊዜው እየተቀዳ በአዲስ ይተካል። ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። የተነነው በጨው ውሃ ከተተካ ገንዳው ቀስ በቀስ እየጨወ ይሄዳል። በንጹሕ ውሃ መተካት አለበት፤ በየቀኑ፣ በዓልም ቢሆን፣ ባለቤቱ ቢታመምም።

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ ይቆማል። ከላይኛው ገንዳ የተወሰነ ውሃ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ታችኛው ቦታ ካልተተወለት ምንጣፉ ላይ ይፈሳል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይለቀምም። አስተዋይ ሰው አንድም ዓሣ ሳይገባ መብራቱን ሆን ብሎ ያጠፋና ውሃው የት እንደሚቆም ያያል። ፈተናው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ቤት ነው። በዚያ ላይ የቆመ ውሃ ኦክስጅኑ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ኢንቨርተር ወይም ባትሪ የሌለው ሰው ይህን ነገር ባይጀምረው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ገና የእጅ ሥራ ነው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ገንዳው ሞልቶ ምንም የሌለበት በሚመስልበት ሰዓት ነው።

ዱቄትና ውሃ ስለተቀላቀለ ብቻ እንጀራ አይጋገርም። እርሾ ይፈልጋል፤ እርሾው ሥራውን እስኪሠራም ይጠበቃል። ሊጥን በገንዘብ የሚያስቸኩል ሀብታም የለም። የኮራል ገንዳም እንዲሁ ነው። ዓሣ በሚተነፍስበትና ቆሻሻውን በሚያስወግድበት ጊዜ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ያሻግሩታል። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች በቂ ሆነው እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ የሚያምር ነገር የለም። ባለቤቱ ባዶ ውሃ እያየ በመለኪያ ጠብታ ቀለም ያነጻጽራል፤ እንግዳ ሲመጣ «ዓሣው የታለ?» ይባላል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አስቀያሚው ወቅት ይመጣል። አሸዋው ቡናማ ይለብሳል። ቀይ ዝልግልግ ነገር ይከተላል። አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ድንጋዩን ይሸፍናል። ይህ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ተስፋ ያልቆረጠው ቸኳይ ደግሞ የባሰ ነገር ያደርጋል፦ መድኃኒት ይገዛል፣ ኮራል ይጨምራል፣ ዓሣ ይጨምራል፣ የሞተውን አውጥቶ በሌላ ይተካል። ለእርሱ የሞተው ዓሣ የተበላሸ ዕቃ ነው።

ያ «ዕቃ» ግን የመጣበት ቦታ አለው። የባንጋይ ካርዲናል ዓሣን እንውሰድ። በጥቁርና ነጭ መስመር ያጌጠ፣ ከጣት የማይረዝም ዓሣ ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው በኢንዶኔዥያ፣ ከሱላዌሲ አጠገብ ያሉት የባንጋይ ደሴቶች ናቸው። ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ይፈለፍላል፤ ልጆቹም ትንሽ ዓሣ ሆነው እስኪወጡ ሳይበላ ይቆያል። ልጆቹ እንደሌሎች ዓሦች በባሕር ሞገድ ተንሳፍፈው ሩቅ አይሄዱም፤ አንዱ ቦታ ላይ የተለቀመ መንጋ ከሌላ ቦታ በሚመጣ አይተካም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሳሎን ገንዳ በብዛት መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ፍጥረታት ተርታ ገባ። አሥር ዓመት ብዙም አልዘለለም።

በፊሊፒንስ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ በውሃ በጥብጠው ኮራሉ ላይ ይረጩ ነበር። ዓሣው ይደነዝዛል፣ በእጅ ይለቀማል። ኮራሉ ይሞታል። ዓሣውም ብዙ ጊዜ ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ይሞታል። ገዢው «ጤነኛ ነበረ እኮ!» ይላል።

እንግዲያው ይህ ነገር ጭራሽ ይከልከል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የአካባቢ ተጽዕኖው ሳይጠና ለገንዳ ዓሣ ማጥመድ ፈቃድ መስጠት ሕግ መጣስ ነው ብሎ ወስኗል። በቪዲዮው ላይ ሽው የሚለው ቢጫ ዓሣ ባብዛኛው ይመጣ የነበረው ከዚያው ከሃዋይ ነው። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላቆመም። በዚያው በሃዋይ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሞክረው ያልተሳካላቸውን ይህን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንቁላል አሳደጉት። ዛሬ ባሕርን ሳያይ የተፈለፈለ ቢጫ ዓሣ ይሸጣል። የባንጋይ ካርዲናልም ሆነ ብርቱካናማው ክላውን ዓሣ በገንዳ ውስጥ ይራባሉ። ዋጋቸው ከባሕር ከተለቀመው ሊበልጥ ይችላል። መክፈል ያለበት ያንን ነው።

ከልካዮቹ የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ። ኮራልን በቤት የማኖር ጥበብ ያደገው በትልልቅ ተቋማት ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢንዶኔዥያ ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ሰው ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ቢገባ ውሃውን ራሱ እንደሚያጠራ ለዓለም ጻፈ። በኋላ በምዕራብ በርሊን እነ ዲትሪሽ ሽቱበር ሕይወት ያለውን ድንጋይ፣ ብርቱ መብራትን፣ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ መሣሪያንና የኖራ ውሃን አንድ ላይ አስተባብረው «የበርሊን ዘዴ» የተባለውን አስፋፉ። ኮራሉ ለአፅሙ የሚጠቀምበትን ካልሲየም ከንጹሕ ኖራ ነበር የሚያገኘው። በሽቱበር ገንዳ ያደገ ኮራል እየተቆረሰ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ኮራል ቅርንጫፉ ሲሰበር ቁራጩ ድንጋይ ላይ በሱፐር ግሉ ተጣብቆ እንደገና ያድጋል። ጎረቤት ለጎረቤት እርሾ እንደሚያውስ ማለት ነው። ከባሕር አንድ ጊዜ የወጣው ለብዙ ቤት በቃ።

ይህ እውቀት ዛሬ ለባሕሩም እየደረሰ ነው። ለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም ከባሕር ርቆ፣ በገንዳ ውስጥ የወቅቱን ሙቀትና የጨረቃን ብርሃን በመሣሪያ እያስመሰለ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮራል እንቁላልና ዘር እንዲለቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 የፍሎሪዳ አኳሪየም ከዚያው ሙዚየም ጋር ሆኖ በአካባቢው ሊጠፋ የተቃረበውን ምሰሶ ኮራል በገንዳ አራባ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ፍሎሪዳ ዳርቻ ላይ አንድ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ 38 ዲግሪ ሲደርስ፣ ባለሙያዎች ለተሃድሶ ከተተከሉት ኮራሎች የቻሉትን ነቅለው የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አሸሿቸው። ኮራልን ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዋናነት የሚገድለው የሳሎን ገንዳ ሳይሆን የባሕሩ መሞቅ ነው፤ ሲሞቅበት በሥጋው ያለውን አልጌ ይተፋና ነጥቶ ይራባል። በዚህ ጊዜ ኮራልን በገንዳ ማኖር የሚችል እጅ መብዛቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ግን የሚጠቅመው የታገሠ እጅ ብቻ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ገንዳውን እየገደለ የሚሞላ ሰው «ተፈጥሮን እወዳለሁ» ቢል ቃሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው። ስድስት ወር ሙሉ ውሃውን፣ ድንጋዩንና ጥቂት ርካሽ ቀንድ አውጣዎችን ብቻ አኑሮ የቁጥሮቹን እርጋታ መጠበቅ ያልቻለ ሰው አንድም ኮራል አይግዛ። የቻለ ደግሞ ከባሕር የተነቀለ ሳይሆን ከሌላ ሰው ገንዳ የተቆረሰ ይውሰድ፤ ዓሣውም የተራባ ይሁን። ሻጩ «ከየት መጣ?» ሲባል የማይመልስ ከሆነ በሩን ዘግቶ መውጣት ነው። ገንዳው ሲያድግለትም እንደ በርሊኖቹ ቆርሶ ለሌላው ይስጥ።

«ባሕር በር የሌለው አገር ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ቀይ ባሕር ቅርብ ነው፤ በኮራሉም የታወቀ ነው። ከዚያ የሚለቀም ሐምራዊ ዓሣ በብዙ አገር ሳሎን በውድ ይሸጣል። በአሜሪካም በባሕረ ሰላጤውም የሚኖር ወገን እንዲህ ያለ ገንዳ ለመግዛት ቅርብ ነው። ቀን የወጣለት ሰው ቤቱን በሚያምር ነገር መሙላት ይፈልጋል፤ ነውር የለውም። ነውሩ ሕይወት ያለውን ነገር እንደ ሶፋ ማዘዝ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ቪዲዮው ሲመጣ እንግዲህ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት በፊት ይጠየቅ፦ ስንት ወር ጠበቅህ? ከየትስ አመጣኸው?