ወላድ አትሰደብም

ዛሬ ስለ ወላድ ክብር እናነባለን።

ሳጉሬ ላይ ከምናስተምራቸው እናቶች አንዷ ይህን ነገሩን። ምጥ ሲይዛቸው ዝናብ ነበር። በጭቃው መንገድ ሄደው አንድ ሕክምና ቤት ደረሱ። «በጭቃ እግርሽ ወዴት ነው የምትገቢው?» ተባሉ። ሲጮሁም ተሰደቡ። ልጁ በሰላም ተወለደ። የሚቀጥለውን ልጅ ግን እቤት ወለዱ። «ደም በዛብኝ፤ ልሞት ነበር። ቢሆንም ስድቡን ፈርቼ ቀረሁ» አሉን።

እኛ መልስ አጣን። ሌላ እናት ተነሡና «ለመሆኑ ሲንቄያችን የት ሄደ?» አሉ።

ሲንቄን የአርሲ ሰው ያውቃል። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው። የወለደች ሴት ቀነፋ ግንባሯ ላይ አስራ ሳለ ባሏ ቢበድላት፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጥፋተኛው ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። ይህ የአገር ሕግ ነው።

የመንግሥት ሕግም አለ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ወጣ። አንቀጽ 18 ሰውን የሚያዋርድ አያያዝ ይከለክላል። አንቀጽ 24 የማንኛውም ሰው ክብር ይጠበቅ ይላል። አንቀጽ 25 ሰው በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ፣ በሀብቱ እንዳይለይ ያዛል። ሕጉ «ሰው» ይላል። ወላድም ሰው ናት፤ እግሯ ጭቃ ቢነካውም ሰው ናት።

በ2007 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትም ተናገረ። በምጥ ላይ ያለችን ሴት መስደብ፣ መምታት፣ ችላ ማለት መብቷን መንካት ነው አለ።

አዋላጆች ይደክማሉ። ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ አሉ። እናከብራቸዋለን። ስድብ ግን መድኃኒት አይደለም። ስድብ የፈራች እናት እቤት ትቀራለች። እቤት ደግሞ ደም ቢፈስ የሚያቆም መርፌ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነፍሰ ጡር ብቻዋን አትሂድ፤ ባሏ ወይም ዘመዷ ይከተላት።
ምን ሊደረግላት እንደሆነ ትጠይቅ።
ብትበደል ቀኑንና የሆነውን ጻፉ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ስጡ።
ካልተሰማችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አቅርቡ።

እኚያ እናት ትናንት ማመልከቻቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ። አራት መስመር ነው። እኛ ሁለት ፊደል ብቻ አረምን። «ለእኔ አልፏል፤ ለልጄ ይሁናት» አሉ።

ጥያቄ
1. ሲንቄ የሚነሣው መቼ ነው?
2. አንቀጽ 24 ምን ይላል?
3. እናንተ ብትሆኑ ማመልከቻው ላይ ምን ትጽፋላችሁ? ጻፉና ለጎረቤት አንብቡ።