ቱርቦ የሚያስጨምሩ ሰዎች ስለምን ጌጅ አይገዙም?

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሰው ይለምደዋል፤ ዋግ ተወልዶ ያደገ ገበሬ አቀበቱን እያወጋ ይወጣዋል። ሞተር ግን አይለምድም። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ቆላ ላይ ከነበረው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን እዚያ ያጣል። ከአላማጣ ተነስቶ የግራ ካሕሱን ጥምዝምዝ ጨርሶ፣ በኮረም በኩል ሰቆጣ ጭነት ያደረሰ ሹፌር ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ወለል የነካ ነዳጅ መስጫ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ።

መካኒኮቻችን ቱርቦን «ተርቦ» ይሉታል። ሳያስቡት ትክክለኛ ስም አወጡለት፤ አየር የራበውን ሞተር የሚያጎርስ ዕቃ ነውና። የሚባክነው የጭስ ግፊት አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ያሾራታል፤ እሷም በዚያው ዘንግ ላይ ያለችውን ጓደኛዋን እያሾረች አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትልካለች። ሐሳቡን በ1905 (በፈረንጆች) የፈጠራ መብት ያወጣበት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ ነው። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ፤ ቁመቱ 4,300 ሜትር ያህል፣ ከራስ ደጀን ትንሽ ያነሰ። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ሜዳ ላይ የነበረውን ጉልበት ተራራው ላይም እንደሚሰጥ ያሳየው እዚያ ነው። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከጥንቱም ለደጋ ሰው የተሠራ ይመስላል።

ስለዚህ ቱርቦ አትግጠሙ የሚል ጽሑፍ አይደለም ይሄ። ላንድክሩዘሩን እያሳመረ፣ ቅዳሜና እሑድን ጋራዥ የሚውል ወጣት ሲገጥመኝ ደስ ነው የሚለኝ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቱርቦ ያስገጥማል፣ አሮጌውን ያስጨምራል፣ የፓምፑን ብሎን ያስከፍታል፤ ከዚያ ግፊቱ ስንት ደረሰ ብትሉት «ኧረ አሁን ይበራል!» ይላችኋል። በቃ፣ መለኪያው እሱ ነው። ጉርሻ ሲበዛ እንደሚያንቅ ማን ይንገረው?

የቱርቦን ግፊት የሚገድበው ዌስትጌት የምንለው ትንሽ በር ነው። ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ፣ አክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ተሸንፎ በሩ ይከፈታል፤ ጭሱም ተሽከርካሪዋን ሳይነካ በጎን ያልፋል። የተለመደው «ማስጨመር» የዚህን ዘንግ ብሎን ማጥበቅ ነው። የባሰበት ደግሞ ወደ አክቹዌተሩ የምትሄደውን ቀጭን ጎማ ነቅሎ ይደፍናታል። ያን ጊዜ በሩ ጨርሶ አይከፈትም፤ ቱርቦው አቅሙ እስኪያልቅ ይሾራል። (ጎማዋ አርጅታ ብትሰነጠቅም ውጤቱ ያው ነው። ዋጋዋ ኢምንት ስለሆነ ማንም አያያትም።)

አሁን የደጋውን ሒሳብ እንመልከት። ጅቡቲ ላይ ከባቢ አየሩ ራሱ 1.01 ባር ይጫናል፤ ሰቆጣ ላይ 0.78 ያህል ነው። ጌጅ ግን ሁለቱም ቦታ ቆሞ ዜሮ ነው የሚያነበው፤ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነዋ። ጌጁ ግማሽ ባር ሲል፣ ጅቡቲ ላይ ሞተሩ በጠቅላላ 1.5 ባር ያገኛል፤ ሰቆጣ ላይ 1.28። ልዩነቱን ለመሙላት ሰቆጣ ላይ ጌጁን ወደ 0.73 ማድረስ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ቱርቦው የሚስበውን ስስ አየር እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ማመቅ አለበት፤ ቆላ ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃው ነበር። በፍጥነት ይሾራል፣ የሚልከው አየርም ይሞቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ መልሱን ጉዞ ነው። ሰቆጣ ላይ «ልክ» ተብሎ የጠበቀው ብሎን፣ መኪናው ጭነት ሊያመጣ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ ሲወርድ አብሮት ይወርዳል። 0.73ቱ አሁን ሙሉ አየር ላይ ይደመርና 1.74 ይሆናል፤ ያውም በዚያ ሙቀት። ሲሊንደሩ ደጋ ላይ ያላየውን ጫና ቆላ ላይ ያያል። ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል «ዕድል» ይባላል።

አገራችን ውስጥ በየገጠሩ የሚሮጠውን ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር እንውሰድ። ይህ ሞተር ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ ነው የወጣው፤ የማመቅ መጠኑ 22.4 ለ1 ነው። ባለ ቱርቦው ዘመዱ 1ኤችዲ-ቲ ግን 18.6 ለ1 ነው። ቶዮታ ቁጥሩን ያወረደው ለጌጥ አይደለም፤ ታምቆ የሚገባ አየር ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የሚያስገጥም ሰው በጥቂቱ፣ ግማሽ ባር አካባቢ፣ ቢረካ ነው የሚሻለው። ናፍጣ ላይ ፒስተን የሚያቀልጠው ደግሞ አየሩ ብቻ ሳይሆን ከአየሩ በላይ የሚጨመረው ነዳጅ ነው። ጥቁር ጭስ ጉልበት የሚመስለው ሰው አለ። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ብር ነው፤ ከጀርባውም የጭሱ ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ ለሚያስብ፣ ረጅም አቀበት ላይ የጭስ ሙቀት መለኪያ ስለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ከልኩ በላይ የሾረ ቱርቦ መጨረሻው ዘንጉ መላወስ ነው፤ ዘይቱም ወደ አየር መንገዱ ይገባል። ያን ጊዜ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እየጠጣ ብቻውን ይጮሃል፤ ቁልፍ ቢዘጉትም አይጠፋም። መኪናው ቆሞ ከሆነ በከፍተኛው ማርሽ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ፍሪሲዮን በመልቀቅ አፍኖ ማቆም ይቻላል፤ ወይም የአየር መሳቢያውን በጣውላ መድፈን፣ በእጅ ግን በፍጹም። ይህ የሚሆነው ግን ወደ ተከዜ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ ሰውና እህል ተጭኖ ቢሆንስ? ሞተሩ ሲሞት የላንድክሩዘሩን ፍሬን የሚያግዘው ቫኪዩም አብሮት ይሞታል፤ ሁለት ሦስቴ ከረገጡ በኋላ ድንጋይ ነው የሚሆነው። መሪውም ይከብዳል። ለአይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣ ሕዝብ ስለ ጭነት መኪና ቀልድ ብቻ አያወራም።

ጌጅ ውድ ነው የሚል ካለ፣ ከአንድ የላንድክሩዘር ጎማ አይበልጥም። ቅደም ተከተሉም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ጌጁና የሙቀት መለኪያው ይግባ፤ ከዚያ ሳይነካ አንድ ሙሉ አቀበት ተነድቶ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ብሎኑ በሩብ ዙር ይነካና እንደገና ይነዳ። ማስተካከያው ደግሞ መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ መጠን ይሁን እንጂ በሰቆጣ መጠን አይሁን። አቀበት ጨርሶ የደረሰ ሞተርም ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ፣ አለዚያ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይከስላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ይረዝማል፤ ጋራዥ ውስጥ የሚነካካውም ይበዛል። (ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ለመሥራት አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም።) ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬኑንና መብራቱን ያያል፤ ደግ ነው። ኮፈኑን ሲከፍት ያቺን ቀጭን ጎማ በዓይኑ ቢከተላትና ተደፍና ካገኛት ቦሎውን ቢከለክል ምን ይከብደዋል? ጋራዡስ ግፊቱን ስንት ላይ እንዳቆመው ደረሰኙ ላይ ቢጽፍ? መኪናው ነገ ሲሸጥ፣ የሚገዛው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን የሚጭንበትን ቁጥር የማወቅ መብት አለው።