ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ አስም የለበትም

«ዕድሜ ነው እንጂ በሽታስ የለብኝም።» ዳገት ላይ ቆም ብለው የሚያርፉ አባቶችና እናቶች ይህን ሲሉ ያልሰማ የለም። እኛም ልጆች እናምናቸውና እናልፈዋለን፤ ሲብስም ለጎረቤት የታዘዘውን ዓይነት ፓፍ እንገዛላቸዋለን። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ ሳንባን እንደ ብረት ቀጥቃጭ ወናፍ አስቡት። ወናፍ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ሲጠብ ነው፤ አስም እና የሲጋራ ወይም የማገዶ ጭስ የሚያመጣው የቆየ የሳንባ ሕመም እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ቀዳዳው ደህና ሆኖ ቆዳው ሲደርቅና አልዘረጋ ሲል ነው። ሐኪሞች «ሪስትሪክቲቭ» የሚሉት ይኸኛውን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ትቶት የሄደ ጠባሳ፣ ለዓመታት የተሳበ የድንጋይ ብናኝ፣ የጀርባ አጥንት መጉበጥ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የጡንቻ መድከም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ያመጡታል። የታማሚው ቃል ግን በሁለቱም አንድ ነው፦ «ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ሁለቱን ለመለየት ስፓይሮሜትሪ የሚባል የትንፋሽ ምርመራ አለ። መርፌ የለው፣ አያምም። አፍንጫ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ እስከ መጨረሻው አየር ይሳባል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ በኃይል ይነፋል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅም አይቆምም። ቢያንስ 3 ጊዜ ይደገማል። መሣሪያው የተነፋውን አየር በሙሉ፣ ለብቻው ደግሞ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣውን ይለካል። የመጀመሪያው ሰከንድ ድርሻ ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቱቦው ጠቧል ተብሎ ይታሰባል። ድርሻው ደህና ሆኖ ጠቅላላው አየር ካነሰ ግን ሳንባው አልዘረጋም ተብሎ ይጠረጠራል። ይጠረጠራል ያልኩት ደክሞ የነፋም ሰው ቁጥሩ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይም የሳንባን ሙሉ ይዘት የሚለካ ሌላ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

የመሣሪያው ፈልሳፊ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። ዛሬም ውጤቱ የሚነበበው ከዕድሜ፣ ከጾታና ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጀርባቸው የጎበጠ አያት «እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉ» ቢባሉ አይገረሙ፤ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት በቁመት ፋንታ ይወሰዳል።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የነቀርሳ መድኃኒታቸውን 6 ወር ወስደው ድነዋል። ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ልጆቻቸው አስም ነው ብለው ሁለት ዓመት ፓፍ ገዙላቸው። ሲመረመሩ ቱቧቸው ደህና ነው፤ የነፉት አየር ግን ከሚጠበቀው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ራጁ ጠባሳውን አሳየ። ጠባሳን ፓፍ አይዘረጋውም። ሐኪሙ ፓፉን አስቁሞ በየቀኑ እያረፉ እንዲራመዱ አዘዛቸው፤ ልጆቹም ማገዶውን ከቤት አወጡ። ጠባሳው አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመሩ።

ምርመራው በየጤና ጣቢያው ባይገኝም በትልልቅ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ክሊኒኮች አለ። ስትሄዱ ልብስ የማያጠብቅ ይሁን፤ ሆድ አይሙላ፤ ሲጋራ አይጨስ። የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ፓፍ ያለው ሰው ያን ቀን ጠዋት ይውሰድ አይውሰድ አስቀድሞ ይጠይቅ። በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና የነበረበት፣ ደም የሚተፋው ወይም ነቀርሳ የሚጠረጠርበት ሰው ሳይነፋ በፊት ይናገር። የውጤቱን ወረቀት አትጣሉት፤ በሽታው መባባሱን ወይም መቆሙን የሚያሳየው የሚቀጥለው ውጤት ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ፓፍ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ለአስም ሕይወት አድን ነው። ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ደም የተፋ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ያኑ ዕለት ይሂድ።

በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ደረጃ ውጡ። አምና ሳያርፉ የሚወጡትን ዘንድሮ መሐል ላይ ከቆሙ፣ ዕድሜ ነው ከማለታችሁ በፊት ያስነፉ።